ለሬዲዮ መልስ የምንሰጥ ሰዎች

ለእኔ ጉዱ ካሳ የሚናገረው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ሁልጊዜም ግን ዓይኔ ፊደሉን ሲከተል ጆሮዬ ውስጥ የሚተርከው ወጋየሁ ነው። የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣ፣ የሰብለ ወንጌልን ልስላሴ፣ የበዛብህን ጭንቀት አንድ ሰው ብቻውን ለየድምፁ ሲያወጣው የሰማ ሰው፣ ከዚያ በኋላ መጽሐፉን በራሱ ድምፅ ማንበብ የሚሆንለት አይመስለኝም። ወጋየሁ የቴአትር ሰው ነበር፤ መቼ ፈጠን፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል። ዝም ሲል እኛም ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን።

ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ነው። በዚያን ጊዜ ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት፣ መጽሐፍ ገዝቶ የሚያነበው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበር። በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ ግን ታሪኩ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ቤት ሁሉ ገባ። ጉለሌ የነበረው የአባቴ የልብስ ስፌት ሱቅም ገባ። ትረካው ሲጀምር የስፌት መኪናው ይቆማል። ሱሪውን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ሱሪውን እጁ ላይ አጥፎ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል። የሬዲዮው ድንጋይ እንዳይደክም አባቴ ቀን ቀን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ በዚያ ዕለት ዘፈን ክፈትልን ብሎ የሚለምን ልጅም አይሰማም።

ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ግን አልነበረም። «አንተ ልጅ፣ ሽሽ!» የሚል አለ። ጉዱ ካሳ የመኳንንቱን ኩራት ሲያፈርሰው «እሰይ፣ አበጀህ!» ይባላል። ፊታውራሪ ሲፎክሩ አባቴ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና ራሱን ይነቀንቃል። ስለ አድማጭነት ታሪካችን የሚጽፍ ሰው ቢኖር ከዚህ እንዲነሳ እመኛለሁ፤ የማሰራጫ ጣቢያዎቹ የተከፈቱበት ዓመትማ በየሰነዱ ተጽፏል። የእኛ አገር አድማጭ ለሬዲዮ መልስ ይሰጣል፤ ሬዲዮው ባይሰማውም አጠገቡ የተቀመጠው ይሰማዋል።

ያመለጠው ክፍል ተመልሶ የሚሰማበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ በማግስቱ ቡና ላይ «የት ደረሰ?» ይባላል። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ የሰማችውን ግን ከነድምፁ ትደግመዋለች። መድገም ብቻም አይደለም፣ ትፈርዳለች። በዛብህን እናቱ ለስለት ሰጥታዋለች፤ ታዲያ የስለት ልጅ ሴት ቢወድ ኃጢአቱ የማን ነው? የልጁ ነው ወይስ ሳይጠይቁት የሰጡት የወላጆቹ? በዚህ ጉዳይ ጎረቤቶቻችን ለሁለት ተከፍለው፣ አንደኛዋ ሦስተኛውን ሳትጠጣ ተነሥታ የሄደችበት ቀን ትዝ ይለኛል። እኔ ሥነ ጽሑፍ መተቸት ምን እንደሆነ የተማርኩት ከእነዚህ ሴቶች ነው።

ቴሌቪዥን የመጣው ጥቅምት 23 ቀን 1957፣ በንጉሡ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ስቱዲዮው ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር፤ ምስሉም ጥቁርና ነጭ። በእኛ ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው ቤት አንድ ብቻ ስለነበር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጫማውን ደጅ አውልቆ እዚያ ይኮለኮላል። አባባ ተስፋዬ ብቅ ብለው የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች እያሉ ሲጠሩን እኛም ብድግ ብለን፣ እጅ ነሥተን «ጤና ይስጥልኝ አባባ ተስፋዬ!» እንላለን። ያዩን ነበርና! ፀጉራችንን ያላበጠርን ቀን ከኋላ እንደበቃለን። ተስፋዬ ሣህሉ ያን የልጆች ዝግጅት ለ42 ዓመታት መርተዋል። በ2009 ሲያርፉ ያለቀሱት፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ጭምር ናቸው። እኔም አልቅሻለሁ።

አድማጭ ምን ያህል እንደሚመልስ በቁጥር የታየው በ«የቀን ቅኝት» ነው። ይህ 257 ክፍል የነበረው የሬዲዮ ድራማ በ1994 መጨረሻ ጀምሮ በ1997 መጀመሪያ ላይ አለቀ። የቤተሰብ ምጣኔን፣ ኤችአይቪን፣ ጠለፋን በሰዎች ኑሮ ውስጥ አስገብቶ ነበር የሚያሳየው። ለእሱና በአፋን ኦሮሞ ለተላለፈው አቻው ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ተጽፏል። ከሱቃችን ፊት ለፊት ሽንኩርት የምትሸጠው ልጅ ስለ ፍቅርተ ደብዳቤ አጽፋኛለች፤ እሷ ስትናገር እኔ ስጽፍ አመሸን። ለድርሰቱ ሰው ሳይሆን ለፍቅርተ ለራሷ ነበር ያስጻፈችው። ምክር ነው፤ ከዚያም ሰላምታ።

በ2000ዎቹ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በረታ። በአዳነች ወልደገብርኤል የተደረሰው «ገመና» መንገዱን ጠረገ፤ «ሰው ለሰው» ደግሞ አመሻሻችንን ሁሉ ወሰደው። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ገንዘብ አለው፣ ርኅራኄ ግን የለውም። ደንበኞቼ ልብስ ሲለኩ ስለ እሱ ይማከራሉ፤ አንዲት እናት የልጃቸውን የሠርግ ቀሚስ ሊያዩ መጥተው «እግዜር ይይልህ አስናቀ!» ብለው ተራገሙ፣ ገና ትናንት ማታ በዓይናቸው ያዩትን ነዋ! አበበ ባልቻ የተዋጣለት ተዋናይ መሆኑን እኔ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በ2008 ቃና የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ መጣና የቱርክ ድራማ በአማርኛ ማውራት ጀመረ። የጥበብ ሰዎች ማኅበራት ሥጋት ገብቷቸው ተቃወሙ። እኔ «ጥቁር ፍቅር»ን ወድጄዋለሁ፤ ግን ማንም ቡና ላይ ከነድምፁ ሲደግመው አልሰማሁም።

አሁን ሱቁ የእኔ ነው። ሸገር 102.1 ከተከፈተ ጀምሮ የመዓዛ ብሩን «የጨዋታ እንግዳ» ተከታትያለሁ፤ የእሸቴ አሰፋ «መቆያ» ሲጀምርም እጄ መርፌ እንደያዘ ይቀራል። ዛሬ ወጣቶቹ ፖድካስት ይሉታል፤ ስልካቸው ላይ ጭነው በጆሮ ማዳመጫ ለየብቻቸው ይሰማሉ። የወጋየሁም ትረካ እዚያው ስልክ ውስጥ አለ፤ ይህ ትልቅ ደስታዬ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ከእነዚያ ቅጂዎች ብዙዎቹ መቼ እንደተላለፉ፣ ድምፁን ማን እንደቀረጸ፣ ማጀቢያ ሙዚቃውን ማን እንደመረጠ አይናገሩም። ወጋየሁ ዝም ሲል ያን ዝምታ ሳይቆርጥ ያለፈው ባለሙያ ስሙ ሊጻፍለት ይገባል።

የእህቴ ልጅ ጅዳ በሰው ቤት ትሠራለች። ልብስ ስትተኩስ ትረካውን ትሰማለች፤ ማታ ደግሞ በድምፅ መልእክት ትልክልኛለች። ሰሞኑን «አክስቴ፣ በዛብህ ፈሪ ነው፤ ሰብለን ጥሎ አዲስ አበባ መሄድ አልነበረበትም» አለችኝ። ረዘም ያለ መልስ ላክሁላት። ባይሸሽ ኖሮ ፊታውራሪ መሸሻ በሕይወት አይተዉትም ነበር፤ ደግሞስ የስለት ልጅ ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የራሱ ያልሆነ ሰው ድፍረቱን ከየት ያመጣዋል? እሷም «ሰብለስ? ሴት ሆና መነኩሴ መስላ አልወጣችም?» ብላ መለሰችልኝ። ለዚህ ገና መልስ እያዘጋጀሁ ነው።