ሦስት ሰኔዎች በወሎ

ንጉሥ ሚካኤል ደሴን መናገሻቸው ባደረጉ ዘመን የወሎ ሰው ሹሙን አይመርጥም፤ አቤት ይል ነበር እንጂ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሲያቋቁምም መራጮቹ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። ተራው ሰው 21 ዓመት ሲሞላው ድምፅ እንዲሰጥ የተፈቀደው በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ነው። ፓርቲ አልነበረም፤ እጩ ለመሆንም መሬት ወይም ንብረት ግድ ነበር። ጭሰኛው ከባለርስት ባለርስት ያማርጥ ነበር ማለት ነው።

ለእኛ ለወሎዎች ከሁሉም የሚከብደው የ1965ቱ ምርጫ ነው። የ1964 ክረምት ዝናብ አጠረ፤ የ1965 በልግም ከዳ። ሰኔ የዘር ወር ነው፤ በልግ ከከዳ ደግሞ ጎተራ የሚራቆትበት ወር። ከሰኔ 16 እስከ 30 ሕዝብ ለምርጫ ሲጠራ ረሃብተኛው ቀየውን ለቅቆ ወደ ዋናው መንገድ ይወጣ ነበር። በሕግ መራጭ ነው፤ እህል ግን የለውም። ረሃቡን የዓለም ዓይን ያየው በጥቅምት 1966፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቀረፀው ፊልም እንጂ በእንደራሴዎቹ ጩኸት አልነበረም። ያ ምክር ቤት ዘመኑን ሳይጨርስ መስከረም 2 ቀን 1967 ተበተነ።

ሁለተኛው ሰኔ በ1979 መጣ። ከሰባ ሰባቱ ረሃብ የተረፈው ገበሬ በደርጉ ፓርቲ በኢሠፓ ተጣርተው የቀረቡለትን የሸንጎ እጩዎች መረጠ።

ከዚያ ምርጫው ወደ ግንቦት ዞረ። የ1997ቱ እውነተኛ ክርክር አሰምቶን በደም ተደመደመ፤ በ2007 ደግሞ 547ቱም ወንበሮች በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ እጅ ገቡ።

ሦስተኛው ሰኔ ደረሰ፤ ሰኔ 14 ቀን 2013 ደሴና ኮምቦልቻ ተሰልፈው መረጡ፤ በሰሜን ጦርነት እየነደደ ነበር። አራት ወር ጥቂት እንዳለፈው፣ በጥቅምት 2014፣ ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ያዘ። ከመራጩ ብዙ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ፤ በ2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ተዘረፈ።

ምርጫ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የቅሬውን፣ ማለትም የሰፈር ዕድሩን፣ ዳኛ ራሱ ይሰይማል፤ በሐዘን ቀን ካጣው ደግሞ ፊት ለፊት ይጠይቀዋል። በእኔ ግምት የፓርላማው ጉድለት እዚህ ላይ ነው፤ እንደራሴው የሚጠየቅበት ሰፈር የለውም። ነገ በደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ድምፅ ሊለምን የሚመጣ እጩ አንድ ጥያቄ ቢቀርብለት ደስ ይለኛል፦ በልግ የከዳ ዓመት፣ አዲስ አበባ ላይ በስንተኛው ቀን ትናገርልናለህ?