ኒውዚላንድ 26 ዓመት የጠበቀችው ድል
ክሪኬት፥ ኳስ በእንጨት እየመቱና እየሮጡ ነጥብ የሚሰበስቡበት፥ አንዱ ግጥሚያ ብዙ ቀን ሊፈጅ የሚችል የእንግሊዞች ጨዋታ ነው። የኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ ጀመረ፤ ተሸነፈም። ከዚያ ወዲያ በ43 ግጥሚያዎች ወይ ተሸነፈ፥ ወይ ሳይሸናነፉ ተለያዩ እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፈም። ይባስ ብሎ በ1955 ኦክላንድ ላይ መቺዎቹ ሁሉ በ26 ነጥብ አለቁ፤ በዚህ ደረጃ ከዚህ ያነሰ ውጤት እስከ ዛሬ አልተመዘገበም። በዓመቱ ግን በዚያው ሜዳ፥ በጆን ሪድ መሪነት፥ የዌስት ኢንዲስን ቡድን በ190 ነጥብ ልዩነት ድል አደረገ። እኛን የሚያስደንቀን ድሉ ብቻ አይደለም፤ ያን ያህል ዘመን ተሸንፎ እንደገና ለመግጠም መውጣቱ ነው። አውስትራልያን በ1974 ረታ። የመጀመሪያ ባላጋራውን እንግሊዝን ግን ያሸነፈው በ1978፥ ከ48 ዓመት በኋላ ነው።