ከንጉሥ ሐውልት የቀለጠ እርሳስ፦ የሊችፊልድ የጥይት ቆጠራና የቤተሰብ ጉልበት በ1776

በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ፣ ግን በቅጡ የማይነበብ አንድ የሒሳብ ወረቀት አለ። የነጻነት መግለጫው ፈራሚ የሆነው የኮነቲከቱ ኦሊቨር ወልኮት ትቷቸው ካለፉት ሰነዶች መካከል የተገኘ ሲሆን፣ በሊችፊልድ ከተማ በወልኮት ግቢ በእጅ የተሠሩ የእርሳስ ጥይቶችን ይቆጥራል። ወይዘሮ ማርቪን 6,058፤ ሩት ማርቪን 11,592፤ ላውራ 8,378፤ ሜሪ አን 10,790፤ ፍሬድሪክ 936፤ ወይዘሮ ቢች 1,802፤ ልዩ ልዩ ሰዎች 2,182፤ ለሊችፊልድ ሚሊሻ የተሰጠ 50፤ ለኮሎኔል ዊግልስዎርዝ ሬጅመንት የተሰጠ 300። ድምሩ 42,088 ነው። እርሳሱ የተገኘው ኒው ዮርክ ላይ ከተገነደሰው የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ሐውልት ነበር። (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የሐውልቱ አወዳደቅ ተደጋግሞ ተጽፏል፣ ተሥሏልም። ከዚያ በኋላ በሊችፊልድ የሆነው ግን ብዙውን ጊዜ የሚነገረው እንደ ማጣፈጫ ነው፤ ንጉሡ ቀልጦ በገዛ ወታደሮቹ ላይ ተተኮሰ ይባልና ይታለፋል። እኔ የምከራከረው ታሪኩ ክብደት የሚያገኘው እዚህ ላይ መሆኑን ነው። ወረቀቱ የሴቶችና የሕፃናት ጉልበት በስምና በቁጥር የተመዘገበበት የምርት ሰነድ ነው፤ መነበብ ያለበትም እንደዚያው ነው።

ሐውልቱን ለንደን ውስጥ የሠራው ጆሴፍ ዊልተን ነበር። የቴምብር ቀረጥ ሕጉ በ1766 በመሻሩ የተደሰቱት የኒው ዮርክ ሰዎች ለንጉሡ ማመስገኛ ይሆን ዘንድ አዘዙት፤ በ1770 ቦውሊንግ ግሪን በተባለው አደባባይ ቆመ። ንጉሡ ሮም እንዳለው የማርቆስ አውሬሊዎስ ሐውልት በፈረስ ላይ ተቀምጧል፤ እርሳሱ ላይ የወርቅ ቅብ ተለብጧል። ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ሐምሌ 9 ቀን 1776፣ የነጻነት መግለጫው ለዋሽንግተን ጦር ከተነበበ በኋላ ሕዝብና ወታደር ተደባልቆ በገመድ ጎትቶ ጣለው። ዋሽንግተን በማግስቱ ባወጣው ትእዛዝ የሰዎቹን ስሜት ሳይነቅፍ አድራጎታቸውን ነቅፏል፤ ሁከት ይመስላል፣ እንዲህ ያለው ነገር ለሚመለከተው ባለሥልጣን ይተው ነበር የሚል ነው ሐሳቡ። የሐውልቱ ራስ ብቻውን ሌላ መንገድ ሄደ፤ የእንግሊዙ መሐንዲስ ጆን ሞንትሬዞር አስመልሶ ወደ እንግሊዝ ላከው። የቀረው አካል በመርከብ ወደ ኖርዎክ፣ ከዚያም በበሬ ጋሪ ወደ ሊችፊልድ ተጓዘ።

ሊችፊልድ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከባሕር ዳርቻ ርቃ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ የእንግሊዝ መርከቦች በቀላሉ የማይደርሱባትና በጦርነቱ ዘመን የስንቅና የትጥቅ ማከማቻ የሆነች ከተማ ናት። የእርሳስ እጥረቱም ከባድ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ የቺዝዌል ማዕድን ነበረ፤ ኮነቲከትም ሚድልታውን ላይ ማዕድን ለማስቆፈር ሞክራለች፤ ሁለቱም ግን የጦሩን ፍላጎት የሚሸፍኑ አልነበሩም። ስለዚህ የመስኮት ማመዛዘኛ፣ የግድግዳ ሰዓት ክብደት፣ ማንኛውም ከእርሳስ የተሠራ የቤት ዕቃ እየተለቀመ ወደ ማቅለጫ ገባ። በዚህ ሁኔታ ወደ 4,000 ፓውንድ፣ ማለትም 1,814 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር የሚባለው ሐውልት ትልቅ ሲሳይ ነው።

በወልኮት ቤተሰብ ዘንድ የቆየው ትዝታ ሥራውን እንዲህ ያስታውሰዋል፤ ከቤቱ አጠገብ ባለው የፖም ዛፍ አትክልት ውስጥ ዳስ ተሠራ፣ አባት ሐውልቱን በእንጨት መፍለጫ መጥረቢያ ቆራረጠው፣ ልጃገረዶቹም ጥይት እያፈሰሱና የወረቀት ቀልሃ እየጠቀለሉ በደስታ ሲቦርቁ ዋሉ። ከወልኮት ልጆች ላውራ የተወለደችው በ1761፣ ሜሪ አን በ1765፣ ፍሬድሪክ በ1767 ነው። በእርግጥ ልጆች ናቸው፤ ልጆች ደግሞ ከባዱንም ሥራ ወደ ጨዋታ ሊለውጡት ይችላሉ። ይሁንና 10,790 ጥይት ጨዋታ አይደለም። የአሥራ አንድ ዓመቷ ሜሪ አን ከእኅቷ ከላውራ በ2,412 በልጣ ተገኝታለች፤ ትዝታው ይህን አልያዘውም፣ ወረቀቱ ግን ይዞታል። በስም የተጠቀሱት ስድስቱ በአንድነት 39,556 ሠርተዋል፤ ከጠቅላላው 94 በመቶ መሆኑ ነው። ከዚህ የፍሬድሪክን 936 ብንቀንስ አምስቱ ሴቶችና ልጃገረዶች ብቻቸውን 38,620 ያህሉን አምርተዋል። ጆሃነስ ኧርቴል በ1850ዎቹ መጀመሪያ፣ ዊልያም ዋልከት ደግሞ በ1857 የሣሏቸው ሥዕሎች ሁለቱም የሚያሳዩት ገመዱንና ጎታቹን ሕዝብ ነው። ለአንድ ምሽት የዘለቀው ማፍረስ ሸራ ሲያገኝ፣ የቀናት ልፋት የጠየቀው መሥራት ሠዓሊ አላገኘም። የኛ አገር አንባቢ ይህን አድልዎ በቀላሉ ያውቀዋል፤ ለዓድዋ ዘመቻ ስንቅ የፈጩትና ከጦሩ ጋር ተጉዘው ያበሰሉት ሴቶች ውለታ በጥቅሉ ይወሳል እንጂ እንዲህ በየስማቸው ተቆጥሮ የተቀመጠበት ሰነድ ብርቅ ነው።

የሥራውን ክብደት ለመገመት የአሠራሩን ሂደት ማየት ያስፈልጋል። እርሳስ በ327.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ማንኛውም የማገዶ ምድጃና የብረት ድስት ይበቃዋል፤ ጥይት መሥራት የቤት ሥራ ሊሆን የቻለውም በዚህ ጠባዩ ነው። መዳብ ወይም ብረት ለማቅለጥ ወናፍና የአንጥረኛ እሳት ያስፈልግ ነበር። የቀለጠው በጭልፋ እየተቀዳ እንደ ጉጠት በሚከፈትና በሚዘጋ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈሳል። ቅርጽ ማውጫው ገና ካልሞቀ ጥይቱ ተጨማዶ ይወጣል፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ እርሳሱ ሳይረጋ ይቆያል። እርሳስ ሲረጋ በመጠን ወደ 3.5 በመቶ ገደማ ይሸማቀቃል። ቀዳጁ እጁ ከፈጠነና በአፉ ላይ ትርፍ እርሳስ ካልተወ፣ ከጥይቱ ውስጥ ባዶ ክፍተት ይቀራል፤ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያደላ ጥይት ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከቅርጽ ማውጫው የወጣው ሁሉ ጭራው ይቆረጣል፣ የተበላሸው ተመልሶ ወደ ድስቱ ይገባል። ዝርዝሩ ላይ የሰፈሩት እንግዲህ ያለፉት ጥይቶች ብቻ ናቸው ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው፤ የእጅ እንቅስቃሴው ከዚያ ይበልጣል። ከሐውልቱ ያልተፋቀ ወርቅ ቀርቶ ከነበረ ደግሞ አልባከነም፤ ወርቅ በቀለጠ እርሳስ ውስጥ ስለሚሟሟ አብሮ ጥይት ሆኗል።

አንድ ቀዳጅ አንድ ጥይት በ20 ሴኮንድ ያወጣል ብንል በሰዓት 180 ይሆናል፤ ይህ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት በምታወጣ ቅርጽ ማውጫ ሳያርፉ መሥራትን የሚጠይቅ ነው። በዚህ ስሌት የሩት ማርቪን 11,592 ጥይት ከ64 ሰዓት በላይ፣ ጠቅላላው ምርት ደግሞ ወደ 234 ሰዓት የሚጠጋ ማፍሰስ ብቻ ይፈጃል። በአንድ ጊዜ ብዙ የሚያወጣ የነሐስ ቅርጽ ማውጫ በዘመኑ ስለነበር ሰዓቱ ሊያንስ ይችላል። ሆኖም እንጨት ማንደዱን፣ ጭራ መቁረጡንና ቀልሃ መጠቅለሉን ስንጨምርበት መልሶ ይረዝማል።

ሌላው ጥያቄ የክብደቱ ነው። የእንግሊዙ ሙስኬት አፈሙዝ 19 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጥይቱ 17.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር፤ የፈረንሳዩ ደግሞ ጥይቱ 16 ሚሊ ሜትርን ጥቂት ያልፋል። ባሩዱ አፈሙዙን በጥላሸት ስለሚሞላው ጥይቱ ሆን ተብሎ ከአፈሙዙ አንሶ ይሠራል። የእርሳስን እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.34 ግራም አድርገን ስናሰላ ትልቁ ጥይት 31.8፣ ትንሹ 25.5 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 42,088ቱ ጥይቶች ከ1,073 እስከ 1,339 ኪሎ ግራም እርሳስ ወስደዋል። የሐውልቱ ክብደት በዘመኑ እንደተገመተው ከሆነ ከሩብ በላይ የሚሆነው፣ ምናልባትም ሁለት አምስተኛው፣ በቆጠራው ውስጥ የለም ማለት ነው። ከፊሉ ወዴት እንደሄደ ምድሪቱ ራሷ ነግራናለች። ከኖርዎክ በስተሰሜን፣ በጉዞው መስመር ላይ በምትገኘው በዊልተን መንደር፣ የፈረሱን ጭራ ጨምሮ የሐውልቱ ቁርጥራጮች በ1871 ተገኙ፤ ዛሬ ኒው ዮርክ በሚገኘው የታሪክ ማኅበር ይታያሉ። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ለንጉሡ ታማኝ የነበሩ ሰዎች ከጋሪው ላይ ሰርቀው ነው የቀበሯቸው። የሌሊት ሌቦች ግን ከ400 ኪሎ ግራም በላይ ተሸክመው መሄዳቸው ይከብዳል። እኔ ይበልጥ የማምነው የቆጠራው ወረቀት የአንድ ወቅት ሒሳብ መሆኑን ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ሠሪን ሳይሆን ተቀባይን የሚጠቅሱና ክብ ቁጥር የያዙ ናቸው፤ ይህ የሚያሳየው ሒሳብ ያዡ ገቢና ወጪ እየደባለቀ፣ ሥራው ሳያልቅ ይጽፍ እንደነበር ነው።

ከወረቀቱ የጎደለ ሌላም ወጪ አለ፤ እሱን የከፈለው የሠራተኞቹ አካል ነው። እርሳስ በማቅለጫው ሙቀት እምብዛም አይተንም። አደገኛው በድስቱ ላይ የሚንሳፈፈው ግራጫ ቆሻሻና ከእሱ የሚነሣው አቧራ ነው፤ በእጅና በልብስ ይያዛል፣ ከእህል ጋር ይበላል። ሕፃን የዋጠውን እርሳስ ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ አብልጦ ወደ ደሙ ያስገባል። ዳሱ ሜዳ ላይ መሆኑ አየሩን አሻሽሎት ይሆናል፤ እጃቸውን ግን አያጸዳም። ውጭ የከረመ የተቦረቦረ የሐውልት ቁራጭ ውስጥ የቀረች የዝናብ ጠብታ ደግሞ ወደቀለጠ እርሳስ ስትገባ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጣ ትልቁን ድስት ልትረጨው ትችላለች።

ዘመኑ ይህን ፈጽሞ አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። ማሳቹሴትስ በ1723 አልኮል በእርሳስ ራስና ቱቦ ማጣራትን በሕግ ከልክላለች። የነጻነት መግለጫውን ከወልኮት ጋር የፈረመው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1786 ለቤንጃሚን ቮን በጻፈው ደብዳቤ፣ በወጣትነቱ ለንደን ማተሚያ ቤት ሲሠራ የእርሳስ ፊደላትን እሳት ዳር ያሞቅ እንደነበርና አንድ አሮጌ ሠራተኛ እጆቹ ሊሰንፉበት እንደሚችሉ እንዳስጠነቀቀው ያስታውሳል። በዚያው ደብዳቤ መርዛማነቱ ከ60 ዓመት በላይ ሲታወቅ ኖሮ በተግባር አለመሰማቱን በምሬት ያነሣል። እውቀቱ ነበረ፤ ግን የሚዘዋወረው በፊደል ለቃሚዎችና በአልኮል አጣሪዎች መካከል ነው እንጂ ወደ ቤተሰብ ምድጃ አልደረሰም። በአጥንት ውስጥ የተከማቸ እርሳስ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ በእርግዝና ጊዜ ከአጥንት ወጥቶ ወደ ደም ይመለሳል፣ ወደ ፅንሱም ይሻገራል። ላውራና ሜሪ አን እርሳሱን የነኩት ለአካለ መጠን በሚደርሱበት ዕድሜ ላይ ነበር። ስለዚህ የጦሩን አቅርቦት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከሚድልታውን ማዕድን ምርት ጎን እነዚህን 38,620 ጥይቶች እንደ ምርት መመዝገብ አለበት፤ በወጪው ዓምድ ደግሞ ሠሪዎቹ ለቀናት የኖሩበትን አቧራ።