ሞረድ የወሰደውን አይመልስም

ከሲቀላ ተነስቶ ጨንቻ የሚወጣ መኪና መጀመሪያ የሚያጥረው አየር ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ ሰባተኛ ያህል ያንሳል። ጨንቻ ሲደረስ ጉድለቱ ከሩብ ያልፋል። እንዲህ ባለ ዳገት ተርቦ ያለው የጭነት መኪና የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ተርቦው በጭሱ ጉልበት እየተሽከረከረ የሳሳውን አየር አጭቆ ያስገባለታል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ስለ ሞተር ጉልበት ሲወራ ጥያቄው ሁልጊዜ «ምን ያህል አየር ገባ?» ነው። «መቼ ገባ?» የሚል ብዙም አይገኝም። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳየኝ የአንድ ለየት ያለ ሞተር ታሪክ ነው።

ሞተሩ ሮታሪ ይባላል። ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ያፈለቀው ሐሳብ ሲሆን፣ ኤንኤስዩ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሳው። ፒስቶን የለውም፣ ቫልቭም የለውም። ወገቡ ትንሽ ገባ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር ይዞራል፤ እሱ አንዴ ሲዞር ዋናው ዘንግ ሦስቴ ይዞራል። የአየር መግቢያውን ቀዳዳ የሚከፍተውም የሚዘጋውም ራሱ ሮተሩ ነው። ፒስቶን ባለው ሞተር ላይ የመክፈቻ ሰዓቱን መለወጥ የፈለገ መካኒክ ካምሻፍት ይቀይራል፤ ካልጣመው የድሮውን መልሶ ይገጥማል። እዚህ ግን ሰዓቱ የተጻፈው በቀዳዳው ቅርጽ ላይ ነው። ቀዳዳውን በሞረድ ያሰፋ ሰው ሰዓቱንም ለውጧል ማለት ነው። እኔ በምሠራበት የሶፍትዌር ሙያ የተበላሸ ኮድ በአንድ ትዕዛዝ ወደ ትናንቱ ይመለሳል። ሞረድ የወሰደውን ብረት ግን የሚመልስ ትዕዛዝ የለም።

ታዲያ ቀዳዳው የት ይሁን? ሁለት ቦታ አለ። አንደኛው የሮተሩ ጫፎች እየጠረጉት በሚያልፉት የዙሪያ ግድግዳ ላይ ነው። አየሩ ቀጥ ብሎ ስለሚገባ ሞተሩ በከፍተኛ ፍጥነት ሲዞር ብዙ ጉልበት ይገኛል። ችግሩ ጭሱ ወጥቶ ሳያልቅ አዲሱ አየር መግባት መጀመሩ ነው፤ ሁለቱ ይደባለቁና ሞተሩ በሚኒሞ ይንገጫገጫል። ሁለተኛው ቦታ በጎን ግድግዳው ላይ ነው። አየሩ መታጠፍ ስላለበት ጥቂት ጉልበት ይቀራል፤ ግን መግባትና መውጣቱ ብዙም ስለማይደራረቡ ሞተሩ ረጋ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1967 ሁለቱም መልሶች በአንድ ዓመት ገበያ ወጡ። ኤንኤስዩ አርኦ 80 በተባለው መኪናው ላይ የዙሪያውን ቀዳዳ መረጠ፤ መንገጫገጩን የሚያለዝብ በዘይት የሚሠራ የኃይል ማስተላለፊያም ጨመረበት። በኬንኢቺ ያማሞቶ የሚመራው የጃፓኑ ማዝዳ ቡድን ደግሞ ኮስሞ ስፖርትን በጎን ቀዳዳ ሠራ። ኤንኤስዩን በዋናነት የጎዳው ቀዳዳው አልነበረም፤ የፒስቶን ቀለበትን ሥራ የሚሠሩት የሮተሩ ጫፍ ማሸጊያዎች ቶሎ ማለቃቸው ነው። ቢሆንም ለከተማ መንገድ የሮታሪን ጠባይ ያረመው የማዝዳ ምርጫ ሆነ።

ተርቦ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1982 ኮስሞ ላይ ሮታሪን ከተርቦ ጋር አገናኘ። ከዚያ ቀደም ብሎ ተርቦ የሌላቸው ሞተሮቹ ስድስት መግቢያ ነበራቸው፤ ሁለቱ ትርፍ ቀዳዳዎች የሚከፈቱት ሞተሩ ሲጨነቅና በፍጥነት ሲዞር ብቻ ነበር። በ1985 ለአርኤክስ 7 የተሠራው ባለ ተርቦ ሞተር ግን አራት መግቢያ ብቻ ይዞ መጣ። ተርቦ ብዛቱን ስለሚሞላ ትርፍ ቀዳዳ የግድ አልነበረም። በ1991 የወጣው ተከታዩ አርኤክስ 7 በ1,308 ሲሲ፣ በሁለት ተርቦና በጎን ቀዳዳዎች 255 የፈረስ ጉልበት ሰጠ።

ቀዳዳ አስፊዎች ግን አላረፉም። አንዳንዶቹ የፋብሪካውን ቀዳዳ በጥቂቱ ያሰፋሉ። ሌሎቹ ከአጠገቡ እንደ ቅንድብ የቀጠነ ሌላ ቀዳዳ ይቀዳሉ፤ በሁለቱ መካከል ማሸጊያው የሚሻገርባት ቀጭን ድልድይ ትቀራለች። ድልድዩ ቀዳዳውን ቀድሞ እንዲከፈት ያደርጋል፣ መደራረቡንም ያሰፋል። ተርቦ ባለበት ይህ አደገኛ ጨዋታ ነው። ጭሱ ተርቦውን ለማዞር ሲገፋ ከኋላው ግፊት ይፈጥራል፤ ያ ግፊት ከሚገባው አየር ግፊት ከበለጠ፣ ሁለቱም በሮች በተከፈቱባት ቅጽበት የተቃጠለው ጭስ ወደ መግቢያው ይመለሳል። ቀዳዳውን በጣም ያሰፋ ሰው ጭሱን በቀላሉ የሚያሳልፍ ትልቅ ተርቦም ያስፈልገዋል፤ ትልቅ ተርቦ ደግሞ ቶሎ አይነቃም።

የዙሪያው ቀዳዳ ግን ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1991 የለማን የ24 ሰዓት ውድድርን ያሸነፈው በእሱ ነው። 787ቢ የተባለችው መኪና አራት ሮተርና በ9,000 ዙር 700 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ተርቦ ግን አልነበራትም። የአየር ቱቦዎቿ እንደ ሞተሩ ፍጥነት ይረዝማሉ ያጥራሉ። በሚኒሞ ብትንገጫገጭ ማን ግድ ይሰጠዋል? ቀንና ሌሊት የምትውለው በፍጥነት ነው። ለመንገድ የተሠራው የ2003ቱ አርኤክስ 8 ተቃራኒውን ሄደ፤ የጭሱንም መውጫ ወደ ጎን አዛውሮ መደራረቡን ጨርሶ አጠፋው። ያው ኩባንያ፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ፤ ሁለቱም ትክክል።

አሁን ዘመኑ እየተለወጠ ነው። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ማዝዳም እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሮተር ያለው ሞተር ያቀረበው ጎማ እንዲያዞር ሳይሆን ባትሪ እንዲሞላ ነው። እዚህ ያሉት የነዳጅ ሞተሮች ግን ገና ብዙ ዓመት ይጠገናሉ፤ በጉልበት ስም የሚሞረዱትም አይጠፉም። አንድ ቀዳዳ ከመስፋቱ በፊት ያ ሞተር ቀኑን የሚያሳልፈው በምን ፍጥነት እንደሆነ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። ከሲቀላ ሴቻ ሰው እያወጣና እያወረደ፣ በየፌርማታው እየቆመ የሚውል ባጃጅ መልሱ ከለማን መኪና ጋር አንድ ሊሆን አይችልም።