የአያቴ ርስትና የእናቴ ደብተር

የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ማንኛውንም ሰነድ ስቀበል መጀመሪያ የማየው በማን ስም እንደተጻፈ ነው። የቤተሰቤን የመሬት ታሪክም የተረዳሁት በዚሁ ዓይን ነው።

አያቴ የምሥራቅ ጎጃም ሰው ነበሩ። በዚያ አገር የርስት ሥርዓት ሴት ልጅም በአባቷም በእናቷም ወገን ርስት መጠየቅ ትችል ነበር። ችግሩ ስትዳር ወደ ባሏ አገር መሄዷ ነው። መሬቱን የሚያርሰው ወንድሟ ስለሚሆን፣ ድርሻዋን ከፈለገች ከእሱ ጋር መሟገት አለባት። አያቴ «ከወንድሜ ጋር ዳኛ ፊት ከምቆም ይቅርብኝ» ብለው ተዉት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። ጾታ ሳይለይ፣ ራሱ ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ ከ10 ሄክታር ያልበለጠ መሬት እንዲሰጥም ደነገገ። በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ የሚሰፍረው ግን በአብዛኛው የአባወራው ስም ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬትና በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው አወጀ። በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ማረጋገጫ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። በአማራ ክልል በሚሰጠው ደብተር ላይ የሁለቱም ፎቶ ይለጠፋል።

አባቴ ሲያርፍ ከወገኖቹ አንዱ ማሳውን ሊወስድ መጣ። እናቴ ደብተሩን ከሳጥን አውጥታ አሳየች፤ ነገሩ በዚያው አበቃ። በዓመቱ እርከን አሠራች፤ በጓሮዋ ጌሾ ተከለች። እርከን ወጪው ዛሬ ነው፤ ጥቅሙ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ነገ እነጠቃለሁ ብላ የምትሰጋ ሴት ለዚህ ገንዘብ አታወጣም። በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደ ጥናትም ደብተር ከተሰጠ በኋላ ገበሬዎች ለአፈርና ውሃ ጥበቃ ይበልጥ እንደሠሩ አሳይቷል።

ደብተር ብቻውን ግን አያርስም። እናቴ በሬ ስላልነበራት ማሳዋን ለእኩል ሰጥታ ግማሹን ምርት ለአራሹ ታካፍል ነበር። የማኅበራችን ቁጠባና የደጋፊዎቻችን እርዳታ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በሬ ያላት ሴት ምርቷን ሙሉውን ወደ ጎተራዋ ታስገባለች።

እህቶቼ፣ ለሚቀጥለው ብድር ስትመዘገቡ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ስማችሁ መኖሩን አብረን እንይ።