ከዜማው ከራሱ የወጣ ምልክት

ጋይንት ውስጥ የምትገኘው ቤተልሔም የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነው የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓን ሌላ አገር የዘለቀ ደቀ መዝሙር እንኳ የድጓ መምህር ለመባል ወደዚያ ሄዶ በመምህራኑ ፊት ማስመስከሩ የቆየ ሥርዓት ነው። ድጓው ግን ከነዜማ ምልክቱ በብራና ተጽፎ ይገኛል፤ ታዲያ በሰው ፊት ማስመስከር ለምን አስፈለገ? ዛሬ ኤፒአይ (አንድ ሶፍትዌር ሌላውን የሚጠራበት መገናኛ) የሚሠሩ ባለሙያዎች መመሪያው ከኮዱ በራሱ ጊዜ ተጽፎ እንዲወጣ ሲያደርጉ የሚገጥማቸው ጥያቄም ይኸው ነው። ከሥራው ከራሱ የሚወጣ መዝገብ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ይታመናል፤ የአስተማሪን ቦታ ግን አይሸፍንም። የቤተልሔም ታሪክ ይህን ከማንም ቀድሞ ያሳየናል ብዬ አምናለሁ።

ትውፊት ድጓን ለ6ኛው መቶ ዘመን ሊቅ ለቅዱስ ያሬድ፣ ምልክቱን ደግሞ በ16ኛው መቶ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ጊዜው ከግራኝ ጦርነት ማግስት ነው፤ መጻሕፍት ነደዋል፣ ሊቃውንት አልቀዋል፣ በቃል ብቻ የተያዘ ዕውቀት ከነባለቤቱ እንደሚቀበር በዓይን ታይቷል። ያኔ የተዘረጋው ሥርዓት ያስደንቃል። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት የሚባሉት ጥቂት ቅርጾች ናቸው። በመቶዎች የሚቆጠሩት ሌሎች ምልክቶች ግን ከድጓው ቃል የተቆረጡ ፊደላት ናቸው። አንድ ዜማ ከሚታወቅበት ቃል ላይ አንድ ሁለት ፊደል ይወሰድና ያው ዜማ በሌላ ቃል ሲመጣ ከበላዩ በደቂቅ ይጻፋል። መዝገቡ የተገኘው ከተመዝጋቢው ነው፤ ከውጭ የመጣ የለበትም። ዜማውን ቀድሞ በጆሮው ላልያዘ ሰው ግን ያ ፊደል ዝም ይላል።

በኮምፒውተር ዓለም መመሪያን ከኮድ ማውጣት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃቫዶክ በተባለው መሣሪያ ተለመደ። ለኤፒአይ ደግሞ ቶኒ ታም በዎርድኒክ ኩባንያ ሳለ ስዋገር የተባለውን መሣሪያ ጀመረ፤ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ገባ፣ ቀጥሎም ኦፕንኤፒአይ ተባለ። መሣሪያው ኮዱን ያነብና እያንዳንዱን ጥሪ፣ የሚቀበለውንና የሚመልሰውን ይዘረዝራል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓትም እንዲህ ያለ ዝርዝር ከራሱ ያወጣል። ዝርዝሩ የሪፖርቱ ወር በምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚላክ ይናገራል። ከንፋስ መውጫ ከተማ የሚላክ ሪፖርት «01» ሲል መስከረምን ይሁን ጃንዋሪን ግን የሚያስረዳው፣ የዘመን አቆጣጠሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ማብራሪያው ኮዱ ውስጥ ከተጻፈ አብሮ ይወጣል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ ያንን ማብራሪያ የጻፈው ግን ሰው ነው፣ መሣሪያው አደረሰው እንጂ አላሰበውም። የዜማ ምልክቱን ሊቃውንት በእጃቸው ሠሩት እንጂ በራሱ አልወጣም የሚልም አይጠፋም። ልዩነቱን እቀበላለሁ፤ የማመሳስለው የሁለቱን ምንጭ ነው። ሁለቱም የሚመዘግቡትን ነገር ከነገሩ ይቀዳሉ፤ ስለዚህም በእጅ ተጽፎ ከተረሳ መመሪያ ይልቅ ከእውነቱ ጋር ይቀራረባሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ፣ መምህርም ይስታል የሚለው ነው። ቤተልሔም፣ አጫብርና ቆማ የተባሉት የዜማ ስልቶች መለያየታቸው የቃል ትምህርት ከቦታ ቦታ መልኩን እንደሚለውጥ ያሳያል። ዜማው በጆሮ ብቻ ቢቀር ማን ከማን በየትኛው ቃል ላይ እንደተለየ ለመለየት አስቸጋሪ በሆነ ነበር፤ በብራናው ላይ ያለው ፊደል ልዩነቱን በጣት ጠቁሞ ለመከራከር ያስችላል። የማስመስከሪያው ሥርዓት ሁለቱንም ይጠይቃል፤ ደቀ መዝሙሩ መጽሐፉን ይዞ ይሄዳል፣ መምህሩም ያደምጠዋል። የኤፒአይ ዝርዝር አውጥቶ ሥራው ተጠናቀቀ የሚል ተቋም ግን መጽሐፉን ሰጥቶ አድማጩን አስቀርቷል፤ አዲስ የመጣው ባለሙያም የጥሪዎቹን ስም እያነበበ የትኛው ከየትኛው መቅደም እንዳለበት በግምት ይፈልጋል።