ሁለት የካቲት፣ ሁለት ዙፋን

ከየካ አባዶ ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ወደ አራት ኪሎ የሚወርድ መንገደኛ ቀበና አካባቢ ሁለት የቆዩ የሩሲያ አሻራዎችን ያገኛል። አንዱ የሩሲያ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ነው። ሁለተኛው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሲሆን፣ መነሻው ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ነው።

የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት ሲጠነክር በሩሲያ ዙፋን ላይ የነበረው ዳግማዊ ኒኮላይ፣ የካቲት 29 ቀን 1909 ዓ.ም. በፔትሮግራድ በፈነዳ አመፅ ከሥልጣኑ ወረደ። የኢትዮጵያን ዘውድ የጣለው ማዕበልም የተነሣው በየካቲት ነው፤ በየካቲት 1966። የወሩ መገጣጠም አጋጣሚ ይሁን፤ ምክንያቶቹ ግን በእርግጥ ይመሳሰላሉ።

የመሬት ዕዳ

የሩሲያ ገበሬ በ1853 ዓ.ም. ከባርነት ነፃ ወጣህ ቢባልም፣ ለደረሰው መሬት ለ49 ዓመት የሚከፈል ዕዳ ተጫነበት። በእኛ አገር በተለይ የደቡቡ ጭሰኛ የምርቱን ግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ለባለ መሬት ያስረክብ ነበር። ተማሪዎች በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። መንግሥትም የጭሰኛውን ኑሮ ያሻሽላል ያለውን ረቂቅ ሕግ አዘጋጀ። ረቂቁ ግን ባለ መሬቶች በበዙበት ምክር ቤት ሲንከባለል ከርሞ ሳይጸድቅ ቀረ።

አቤቱታና ጥይት

ጥር 14 ቀን 1897 ዓ.ም. የሴንት ፒተርስበርግ ሠራተኞች ቄስ ጋፖንን ተከትለው፣ የዛሩን ሥዕል ይዘው፣ አቤቱታቸውን ለማቅረብ ወደ ቤተ መንግሥቱ አመሩ። የጠበቃቸው ጥይት ነበር። በእኛም አገር ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግሥቱም አስከሬኑን ከበው በስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ በጃንሆይ ደጅ ጽናት መፍትሔ ይገኛል ብሎ የሚያምን ወጣት ጥቂት ነበር።

የወታደሩ ሳህን

በ1897 ፖተምኪን በተባለው የሩሲያ የጦር መርከብ ለመርከበኞቹ ትል የወረሰው ሥጋ ቀረበላቸው። የመርከቡ ሐኪም ሥጋው ይበላል ብሎ ፈረደ፤ እነሱም አንበላም ብለው አመፁ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሆነው የዚህ አምሳያ ነው። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳለ፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ወታደሮቹ አለቆቻቸውን አሰሩ። ጉዳዩን ሊያዩ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዘው፣ እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው።

በዚያው ሰሞን ወሎ በረሀብ እያለቀ ነበር። መንግሥት ግን እልቂቱን ለመሸሸግ ደከመ። ዮናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ገመናው ለዓለም ተገለጠ። በየካቲት የነዳጅ ዋጋ ግማሽ ያህል ጨመረ፤ የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም አደሙ። የካቲት 18 ቀን የአስመራው ጦር አመፀ፤ በሁለት ቀን ውስጥ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ለቀቀ።

መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ቀነሰ፣ የወታደሩንም ደመወዝ ጨመረ። ዘግይቷል። ዛሩም በ1898 ምክር ቤት ፈቅዶ ነበር፤ ምክር ቤቱን ግን መላልሶ በተነው። ሕዝብ በጩኸቱ ብዛት ብቻ የሚያገኘውን ነገር እንደ ችሮታ አይቆጥረውም፤ አብዝቶ መጮህ እንዳለበት ይማርበታል።

የሁለቱም አገር ሕዝብ ድል በሌላ እጅ ገባ። የእኛን ደርግ ወሰደው፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ያ ደም ከአመፀኞቹ ጥያቄ አልመነጨም። ጭሰኛው መሬት፣ ወታደሩ ንጹሕ ውሃ፣ ወሎዬው እህል ነበር የጠየቀው። ሦስቱንም በሕግና በጊዜው መመለስ ይቻል ነበር፤ ለዚህም ነው የገደለውን ብቻ መጠየቅ የማይበቃው፤ የዘገየውም ጭምር መጠየቅ አለበት።